ኩላሊቱ ሠራ፣ ካልሲየሙ ግን አልረጋም፦ ከንቅለ ተከላ በኋላ ፒቲኤችንና ማዕድናትን የመከታተል መመሪያ

ከንቅለ ተከላ በኋላ በአራተኛው ወር ገደማ የሚመጣ አንድ የላብራቶሪ ወረቀት አለ። ኩላሊቱ እንዴት እንደሚሠራ የሚጠቁመው ክሪያቲኒን 1.2 ይላል። ሐኪሙ ፈገግ ይላል፣ ቤተሰቡ «ተመስገን» ይላል። ዓይን እዚያው ላይ ይቀራል። ወረቀቱ ታች ላይ ግን ካልሲየም 10.9 ተጽፏል፤ አጠገቡ ወደ ላይ የምታመለክት ትንሽ ቀስት አለች። ፎስፈረስ 1.9፣ የእሱ ቀስት ወደ ታች። ፒቲኤች 210።

«ኩላሊቱ ከሠራ ይሄ ደግሞ ምን ይባላል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። ቁጥሮቹ የተዛቡት ኩላሊቱ ስለሠራ ነው።

ይህን የምጽፈው ኩላሊት ለተተከለላቸውና ለአስታማሚዎቻቸው ነው። አንብባችሁ መድኃኒት በራሳችሁ እንድትጀምሩ ወይም እንድታቆሙ አይደለም። ወረቀቱን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ስትገቡ ምን እንደምትጠይቁ እንድታውቁ ነው።

በቅድሚያ፣ ነገሩ እንዴት ነው?

አንገታችን ውስጥ፣ ከታይሮይድ ጀርባ፣ የምስር ፍሬ የሚያክሉ እጢዎች አሉ። አብዛኛው ሰው አራት አለው። ፓራታይሮይድ ይባላሉ። ትንሽነታቸው ለብዙ ዘመን ከሐኪም ዓይን ሰውሯቸው ኖሯል። ሰው ላይ መኖራቸውን እ.ኤ.አ. በ1880 የጻፈው ኢቫር ሳንድስትሮም የተባለ ስዊድናዊ የሕክምና ተማሪ ነው። ከእሱ በፊት እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦወን በለንደን መካነ እንስሳት የሞተ አውራሪስ ሲመረምር አይቷቸው ነበር። ሰው ላይ ያልታየው አውራሪስ ላይ መገኘቱ ሁሌም ፈገግ ያሰኘኛል።

እጢዎቹ የሚያመነጩት ሆርሞን ነው ፒቲኤች የሚባለው። ሥራው በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም እንዳይጎድል መጠበቅ ነው። ሲጎድል አጥንትን «ካለህ አውጣ» ይለዋል። ኩላሊትን «ካልሲየሙን አስቀር፣ ፎስፈረሱን በሽንት ሸኝ» ይለዋል። ቫይታሚን ዲም ወደሚሠራበት ቅርጽ እንዲለወጥ ኩላሊቱን ያዝዛል፤ ያኔ አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየም በደንብ ይስባል።

ኩላሊት ሲደክም ይህ ሁሉ ይበላሻል። ፎስፈረስ ይጠራቀማል። የሚሠራው ቫይታሚን ዲ ይቀንሳል። ካልሲየም ይወርዳል። እጢዎቹ ደግሞ ቀን ከሌት ሆርሞን ሲያመርቱ ይከርማሉ። ይህ በእጥበት ላይ ለዓመታት ሲቀጥል እጢዎቹ ያድጋሉ። አንዳንዶቹም ካልሲየም «በቃ» ሲላቸው የማይሰሙ ይሆናሉ።

ከዚያ አዲስ ኩላሊት ይተከላል። እጢው ግን ወሬውን አልሰማም። «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ» ይባል የለ? እዚህ ላይ ማዱ አጥንት ነው። እጢው ካልሲየም ሳይጎድል እንኳ ከአጥንት ማስወጣቱን ይቀጥላል። የድሮው ኩላሊት ትእዛዙን መፈጸም አይችልም ነበር፤ አዲሱ ይችላል። ፎስፈረስ አስወጣ ሲባል ያስወጣል፤ ያውም ከሚገባው በላይ። ካልሲየም አስቀር ሲባል ያስቀራል። ከአጥንት የሚመነጨው ኤፍጂኤፍ 23 የሚባለው ሌላ ሆርሞንም በእጥበቱ ዘመን እጅግ ከፍ ብሎ ስለነበር ፎስፈረስን በማስወጣቱ ያግዛል። እንግዲህ ካልሲየም 10.9፣ ፎስፈረስ 1.9 የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ደግነቱ ጊዜ ይሠራል። ኤፍጂኤፍ 23 በመጀመሪያዎቹ ወራት ቶሎ ይወርዳል። ፒቲኤችም ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ጥሩ አድርጎ ይቀንሳል፣ ከዚያ በኋላ ግን እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው። እጢው በጣም ካደገ ደግሞ ዓመት አልፎም ላይመለስ ይችላል።

ደረጃ 1፦ መነሻችሁን እወቁ

ከሁሉ አስቀድማችሁ የቆየ ወረቀት ፈልጉ። ከንቅለ ተከላው በፊት የመጨረሻው ፒቲኤች ስንት ነበር? ካልሲየሙስ? በእጥበት ላይ ስንት ዓመት ቆያችሁ? ፒቲኤችን የሚያወርደውን፣ ሲናካልሴት የሚባለውን ክኒን ትወስዱ ነበር? አንገት ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎ ያውቃል?

እነዚህ መልሶች ወደፊት የሚመጣውን ይጠቁማሉ። በእጥበት ላይ ብዙ ዓመት የቆየ፣ ፒቲኤቹ በጣም ከፍ ያለ ሆኖ ወደ ንቅለ ተከላ የገባ፣ ሲናካልሴት ሲወስድ የነበረ ሰው በኋላም ካልሲየሙ ከፍ የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው። 210 የሚል ፒቲኤች ብቻውን ምንም አይናገርም። ከንቅለ ተከላው በፊት 1,200 ከነበረ ግሩም መውረድ ነው። 230 ከነበረ ግን በአራት ወር ውስጥ ብዙም አልተንቀሳቀሰም ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ የመድኃኒት ከረጢታችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉ

ይህን ደረጃ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን አጥብቄ የማየው እሱን ነው። በእጥበት ዘመን የተገዛ መድኃኒት በየመሳቢያው ይቀራል። አንዳንዱ ከልማድ የተነሳ ይዋጣል። አንዳንዱን ደግሞ ማንም «አቁም» ስላላለ ብቻ ሰው መውሰዱን ይቀጥላል።

ከምግብ ጋር ይወሰዱ የነበሩትን ፎስፈረስ የሚይዙ መድኃኒቶች ለዩ። ሴቬላመር፣ ካልሲየም አሲቴት፣ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ላንታነም። ፎስፈረሱ 1.9 የሆነ ሰው እነዚህን እየዋጠ ከሆነ እሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው። ካልሲየም ያለባቸው ደግሞ ካልሲየሙንም ወደ ላይ ይገፋሉ። ለቃር የሚታኘኩ ብዙ ክኒኖችም ውስጣቸው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ሰው «መድኃኒት» ብሎ ስለማይቆጥራቸው ሲጠየቅ አይነግርም።

የቫይታሚን ዲ ዓይነት የሆኑት ካልሲትሪዮል ወይም አልፋካልሲዶል ካሉ ለብቻ አስቀምጡ። የደም ግፊት ክኒኖቻችሁ መካከል ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም የእሱ ቤተሰብ መኖሩን እዩ፤ ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ ያደርጋል። ቫይታሚን የተባለውን ሁሉ፣ ለጸጉርና ለጥፍር የሚወሰደውን ጭምር፣ ጨምሩበት። ከዚያ ሁሉንም ፎቶ አንስታችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። የሚቆመውንና የሚቀጥለውን እሱ ይለያል። ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚወሰዱትን ታክሮሊመስን፣ ማይኮፌኖሌትንና ፕሬድኒሶሎንን ግን ከዚህ ሂሳብ ጋር በፍጹም አታምታቱ፤ አንድ ቀንም አይዘለሉም።

ደረጃ 3፦ ደሙ በትክክል ይቀዳ

ብዙ ግራ መጋባት የሚጀምረው ከመርፌው ነው።

ጠዋት ሂዱ። ፒቲኤች በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ፎስፈረስም እንዲሁ። ስለዚህ አንዱን ጊዜ ጠዋት ሌላውን ጊዜ ከሰዓት አታድርጉት። የታክሮሊመስ መጠን በዚያው ቀን የሚለካ ከሆነ የጠዋቱን ክኒን ሳትውጡ ይዛችሁ ሂዱና ደም ከሰጣችሁ በኋላ ዋጡ። ክንድ ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ ለረጅም ጊዜ ከቆየ የካልሲየሙን ቁጥር በሐሰት ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ደም ሥር ፍለጋው ከረዘመ «ትንሽ ፈታ አድርጉልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

ለጸጉርና ለጥፍር የሚሸጡት ክኒኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ ባዮቲን አለ። በአንዳንድ የላብራቶሪ ዘዴዎች ባዮቲን ፒቲኤችን ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። እጢው እየጮኸ ወረቀቱ «ዝም ብሏል» ሊላችሁ ይችላል። ከምርመራው ስንት ቀን በፊት ማቆም እንዳለባችሁ ላብራቶሪውን ወይም ሐኪሙን ጠይቁ።

ሲቻል አንድ ላብራቶሪ ላይ ጽኑ። የፒቲኤች መለኪያ ኪቶች እርስ በርስ አይስማሙም። ያንኑ ደም ሁለት ቦታ ብትሰጡ የተለያየ ቁጥር ሊመጣ ይችላል። ቦታ ቀይራችሁ «ወረደልኝ» ብትሉ የወረደው ኪቱ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 4፦ መቼ መቼ?

ኬዲጎ የተባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ አውጪ ድርጅት አካሄዱን አስቀምጧል። ከንቅለ ተከላው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ጊዜያት ካልሲየምና ፎስፈረስ እስኪረጉ ድረስ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይለካሉ። ከረጉና ኩላሊቱ በደህና ከሠራ ደግሞ ከ6 እስከ 12 ወር አንዴ። የኩላሊቱ የማጣራት አቅም (ወረቀቱ ላይ eGFR የሚለው ቁጥር) ከ30 በታች ከወረደ ከ3 እስከ 6 ወር፣ ከ15 በታች ከሆነ ከ1 እስከ 3 ወር ይሆናል። ፒቲኤች መጀመሪያ አንዴ ይለካና ቀጣዩ እንደ ውጤቱ ይወሰናል። ቁጥራችሁ የተዛባ ከሆነ ግን በዚህ አትወሰኑ፤ ሐኪሙ ቀጠሮውን ያቀራርበዋል።

ደረጃ 5፦ ወረቀቱን አንብቡ

የላይኛውን ወረቀት እንመልሰው። ካልሲየም 10.9፣ ፎስፈረስ 1.9፣ ፒቲኤች 210።

መጀመሪያ መለኪያውን እዩ። እዚህ ካልሲየምና ፎስፈረስ በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ፒቲኤች በፒኮግራም በሚሊሊትር ነው የተጻፉት። ሌላ ላብራቶሪ በሚሊሞል ሊጽፍ ይችላል። ካልሲየምን ለ4፣ ፎስፈረስን ለ3.1 ስታካፍሉ ወደ ሚሊሞል ይለወጣሉ። 10.9 ማለት 2.7 ገደማ፣ 1.9 ደግሞ 0.6 ገደማ ነው። ፒቲኤችን ለ9.4 ብታካፍሉት 22 ፒኮሞል ይሆናል። «ካልሲየሜ ከ10.9 ወደ 2.7 ወረደ» ብሎ የሚደነግጥ ሰው አለና ነው ይህን የምለው።

መደበኛው ክልል እንደ ላብራቶሪው ትንሽ ይለያያል። በጥቅሉ ካልሲየም ከ8.5 እስከ 10.5፣ ፎስፈረስ ከ2.5 እስከ 4.5፣ ፒቲኤች ከ15 እስከ 65 ነው።

ቀጥሎ አልቡሚንን ፈልጉ። የካልሲየም ከፊሉ በደም ውስጥ የሚጓዘው በዚህ ፕሮቲን ላይ ታዝሎ ነው። አልቡሚን ሲያንስ ካልሲየሙም ያነሰ ይመስላል። ሂሳቡ ቀላል ነው። ከ4 ላይ የእናንተን አልቡሚን ቀንሱ፣ የቀረውን በ0.8 አባዙ፣ ያንን ካልሲየሙ ላይ ደምሩ። አልቡሚን 3.5 ከሆነ 4 ሲቀነስ 3.5፣ 0.5 ይቀራል። በ0.8 ሲባዛ 0.4። 10.9 ላይ ሲደመር 11.3። ትንሿ ቀስት ያሳነሰችው ነገር ነበር ማለት ነው። ሂሳቡ ግምት ነው። ነገሩ ካጠራጠረ «አዮናይዝድ ካልሲየም ይለካልኝ» በሉ። እሱ ምንም ሳይታዘል በነጻ የሚንቀሳቀሰውን ነው የሚለካው።

አሁን ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ለየብቻ ማንበብ ነው ሰውን የሚያሳስተው።

ካልሲየም ከፍ፣ ፎስፈረስ ዝቅ፣ ፒቲኤች ከፍ ካለ ነገሩ የእጢው ልማድ ነው። ይህ የእኛ ወረቀት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ካልሲየም 11.3 ሆኖ ፒቲኤች 60 ቢሆን ላብራቶሪው ቀስት አያደርግበትም፤ «መደበኛ» ነው። ነገር ግን ካልሲየም እንዲህ ከፍ ሲል ጤነኛ እጢ ዝም ማለት ነበረበት። ዝም አለማለቱ ራሱ ችግሩን ይናገራል።

ካልሲየም ከፍ ብሎ ፒቲኤች በጣም ዝቅ ካለስ? ያኔ እጢው ንጹሕ ነው፤ ሌላ ተጠያቂ ይፈለጋል። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ዲ ወይም ካልሲየም ሊሆን ይችላል። ሳንባ ነቀርሳና አንዳንድ የፈንገስ ኢንፌክሽኖች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ካንሰርም እንዲሁ። የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ይህ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ካልሲየም መደበኛ ወይም ዝቅ ያለ ሆኖ ፒቲኤች ከፍ ካለ ደግሞ የቫይታሚን ዲ እጥረት ይጠረጠራል። ወይም ኩላሊቱ ራሱ እየደከመ ይሆናል።

ከንቅለ ተከላ በኋላ «ፒቲኤች እዚህ ቁጥር ላይ ይድረስ» የሚል ሁሉ የተስማማበት ግብ የለም። ስለዚህ የሚታየው አቅጣጫው ነው። አንድ ደብተር ላይ ቀን፣ ካልሲየም፣ አልቡሚን፣ ፎስፈረስ፣ ፒቲኤች፣ ክሪያቲኒን እያላችሁ በአንድ መስመር ጻፉ። አምስት መስመር ሲሞላ ወረቀቱ ያልተናገረውን ደብተሩ ይናገራል።

ደረጃ 6፦ ፎስፈረስ ሲወርድ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ይህ አብዛኛውን ሰው ይነካል። ቁጥሩ ከ1.5 በላይ ከሆነና ምንም ካልተሰማችሁ ብዙ ጊዜ በምግብና በጊዜ ይስተካከላል። ለዓመታት የተከለከላችሁት ወተት፣ እርጎ፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ባቄላና ለውዝ አሁን የሚፈለጉ ምግቦች ይሆናሉ። ብዙ ሰው ግን ፍርሃቱ አይለቀውም። የእጥበት ዘመን የምግብ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ካለ ከአመጋገብ ባለሙያው ጋር ተነጋግራችሁ አንሱት። ፖታሲየም ካላስቸገረ፣ ለሌላም ምክንያት ካልተከለከላችሁ ነው እንግዲህ።

ጡንቻ ሲዝል፣ ደረጃ መውጣት ሲያቅት፣ አጥንት ሲያም ወይም ቁጥሩ ከ1.5 በታች ሲሆን ሐኪሙ የፎስፌት ክኒን ወይም ዱቄት ሊያዝ ይችላል። ከ1.0 በታች ከባድ ነው። መተንፈሻ ጡንቻን እስከ ማድከም ስለሚደርስ ሆስፒታል ሊያስተኛ ይችላል።

የፎስፌት ክኒን ግን የዋህ መድኃኒት አይደለም። ሆድ ያስቀምጣል። ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ኩላሊት ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ፒቲኤችን መልሶ ያነቃቃል፤ የነቃው ፒቲኤች ፎስፈረሱን መልሶ ያስወጣል። ቀዳዳ እንስራ መሙላት ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ቁጥሯን ለማሳመር ብቻ አይወሰድም። ከታዘዘም «እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሲረሳ ነው ጉዳት የሚያመጣው።

ደረጃ 7፦ ካልሲየም ከፍ ሲል

አንድ ከፍ ያለ ቁጥር አይቶ መሮጥ አያስፈልግም። ይደገም። በአልቡሚን ይታረም። ከረጢቱ ይፈተሽ። ሁለተኛውም ከፍ ካለ ግን በቁም ነገር ይያዝ።

ካልሲየም ሲበዛ ውሃ ያስጠማል፣ ሽንት ያበዛል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ያዝላል፣ ያነጫንጫል። «እርጅና ነው» ወይም «ከቀዶ ጥገናው ገና አላገገምኩም» ተብሎ ይታለፋል። ኩላሊቱ ላይ የሚሠራው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የደም ሥሮቹን ያጠብባል፣ ሽንት በማብዛት ሰውነትን ያደርቃል፣ ክሪያቲኒንን ከፍ ያደርጋል። ክሪያቲኒን ከ1.2 ወደ 1.6 ሲዘል ሁሉም ወዲያው የሚያስበው ሰውነት ኩላሊቱን ሊገፋ መነሳቱን ነው። መታሰቡም ልክ ነው። ግን በዚያው ቀን «ካልሲየሙስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በአንዲት ጥያቄ ምክንያቱ ሊገኝ ይችላል።

ውሃ ጠጡ፤ መጠኑን ግን ሐኪሙ ይወስን፤ የልብ ችግር ወይም የሽንት ማነስ ካለ ሂሳቡ ሌላ ነው። ካልሲየሙ ከፍ ብሎ ከቆየ ኩላሊቱ ውስጥ ጠጠር ወይም የካልሲየም ክምችት መኖሩ በአልትራሳውንድ ይታያል። ወተትና እርጎን በራሳችሁ ጨርሳችሁ አትተዉ። ካልሲየሙን ከፍ ያደረገው በዋናነት እጢው እንጂ ብርጭቋ አይደለችም፤ ፎስፈረሱም ያስፈልጋችኋል።

ትውከት፣ ግራ መጋባት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የልብ ምት መዛባት ከተጨመረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው። ከ14 በላይ ከሆነ ምንም ባይሰማችሁም እንዲሁ።

ደረጃ 8፦ የተረሳው ማግኒዚየም

ታክሮሊመስ ማግኒዚየምን በሽንት ያስወጣል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱት እንደ ኦሜፕራዞል ያሉት ደግሞ ከአንጀት እንዳይገባ ያደርጋሉ። ብዙ ሰው ሁለቱንም አብሮ ይወስዳል። እግር ሌሊት ከተሸማቀቀ፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ ማግኒዚየም ይለካ። ክኒን ከታዘዘላችሁ ከማይኮፌኖሌት ቢያንስ በ2 ሰዓት አራርቁት፤ አብረው ከተዋጡ ማይኮፌኖሌቱ በደንብ አይመጠጥም።

ደረጃ 9፦ ቫይታሚን ዲና አጥንት

ኩላሊት የተተከለለት ሰው ለቆዳ ካንሰር ስለሚጋለጥ ከፀሐይ እንዲጠነቀቅ ይመከራል። ፀሐይ ሲቀር ቫይታሚን ዲም ይቀራል። ስለዚህ 25 ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ የሚባለው ይለካል። ከ20 ናኖግራም በሚሊሊትር በታች እጥረት ነው። እጥረት ሲሞላ ፒቲኤችም አብሮ ሊቀንስ ይችላል። ካልሲየማችሁ ከፍ ያለ ከሆነ ግን አሟሉ የሚለውን ምክር ከጎረቤት አትቀበሉ። «ቫይታሚን አይጎዳም» ተብሎ ያለ ትእዛዝ የሚወጋ ከፍተኛ መጠን ያለው መርፌ ካልሲየምን ሰማይ ሊያደርሰው ይችላል።

አጥንት በብዛት የሚሳሳው በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ፕሬድኒሶሎንና ፒቲኤች ተባብረው ነው የሚያሳሱት። የአጥንት ጥግግት በዴክሳ መሣሪያ ይለካል። የአጥንት መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ መስተካከል አለባቸው። በየ6 ወሩ የሚወጋው ዴኖሱማብ በተለይ ካልሲየምን ሊያወርድ ይችላል፤ ቀጠሮው ሲዘለል ደግሞ አጥንቱ በፍጥነት መልሶ ይሳሳል።

ስትራመዱ ብሽሽት አካባቢ የማይለቅ ሕመም ካለ «ማዕድን ነው» ብላችሁ አትተዉት። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ የጭን አጥንት ዳሌ ላይ የሚገጥመው ጫፉ ደም እንዲያጣ ሊያደርግ ይችላል፤ መጀመሪያ አካባቢ በተራ ራጅ ስለማይታይ ኤምአርአይ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 10፦ ክኒን ወይስ ቢላዋ?

ወራት አልፈው ካልሲየሙ ካልተመለሰ ውይይቱ ወደዚህ ይመጣል።

ሲናካልሴት እጢውን ያታልለዋል። ካልሲየም የበዛ መስሎት ሆርሞን ማምረቱን ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ በ30 ሚሊግራም ይጀመራል፣ ከምግብ ጋር ነው፣ ክኒኑ አይሰበርም። ማቅለሽለሽ የተለመደ ቅሬታ ነው። በተጀመረ በሳምንቱ ውስጥ ካልሲየም ይለካ፤ ከሚገባው በላይ ሊወርድ ይችላልና። ለደም ግፊት የሚሰጠውን ሜቶፕሮሎልን ጨምሮ አንዳንድ መድኃኒቶች ከእሱ ጋር ሲወሰዱ በሰውነት ውስጥ ስለሚከማቹ ዝርዝራችሁን አሳዩ። ሲቆም ካልሲየሙ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። እጢውን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያስወግደውም።

ቀዶ ጥገናው ከአራቱ እጢዎች ሦስት ተኩሉን ያወጣል። ወይም ሁሉም ወጥተው የአንዱ እጢ ቁራሽ ክንድ ውስጥ ይተከላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የስፔን ጥናት ኩላሊት የተተከለላቸውን 30 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ነበር። ከዓመት በኋላ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው 15ቱም ካልሲየማቸው መደበኛ ሆነ፤ ሲናካልሴት ከወሰዱት 15 ደግሞ የ10ሩ። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ግን እኔን ብትጠይቁኝ፣ ዓመት ካለፈ በኋላም ካልሲየሙ ያልረጋለትና ለቀዶ ጥገና ብቁ የሆነ ሰው ክኒኑን ዕድሜ ልክ ከመዋጡ በፊት ልምድ ያለው የአንገት ቀዶ ሐኪም ቢያማክር ደስ ይለኛል። ብዙዎች ዓመት የሚጠብቁት እጢው በራሱ ሊረጋ ስለሚችል ነው። ካልሲየሙ በጣም ከፍ ካለ ወይም ኩላሊቱን ከጎዳ ግን አይጠበቅም።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። «በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና ትሠራላችሁ?» እና «ከቀዶ ጥገናው በኋላ ካልሲየሜን በየስንት ሰዓቱ ትለኩልኛላችሁ?» ሁለተኛው ወሳኝ ነው። ለዓመታት የተዘረፈ አጥንት ሌባው ሲያዝ ካልሲየሙን በአንዴ ይስባል። የተራበ አጥንት ይሉታል። ደሙ ባዶ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ከ2 እስከ 3 ቀናት በየ4 እስከ 6 ሰዓት መለካት ያስፈልጋል። ክሪያቲኒንም በዚያ ሰሞን ከፍ ሊል ይችላል፤ ቀድማችሁ ካወቃችሁ አትደናገጡም።

ቤት ስትገቡ ከንፈር ዙሪያ ጉንዳን የሄደበት ያህል ከወረራችሁ፣ የጣት ጫፍ ከደነዘዘ፣ እጅ ከተጨማደደ ካልሲየም እየወረደ ነው። ቢነጋም ባይነጋም ደውሉ። የታዘዘላችሁን የካልሲየም ክኒን አልጋችሁ አጠገብ አስቀምጡ፣ አብሮም ውሃ። አስታማሚውም የት እንዳለ ይወቅ፤ ሌሊት ጣቱ የደነዘዘ ሰው ብልቃጥ መክፈት ይቸግረዋል።